35 ኸርዝ የሚለው ወረቀትና 48 ኸርዝ የሚለው ግራፍ፦ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፦ «ከሁለት ስፒከሮች አንዱን መምረጥ አቅቶኛል። የመጀመሪያው ባለ ሦስት ድራይቨር (ድምፅ አውጪ ክፍል) ነው፤ ሳጥኑ 20 ሊትር ገደማ ይሆናል። ወረቀቱ ‹ከ35 ኸርዝ እስከ 22 ኪሎኸርዝ፣ 92 ዴሲቤል፣ 500 ዋት› ይላል። ሁለተኛው ባለ ሁለት ድራይቨር ሲሆን ዉፈሩ (ቤዝ የሚያወጣው ትልቁ ድራይቨር) 16.5 ሴንቲሜትር ነው፤ የሱ ወረቀት ደግሞ ‹ከ48 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ በ±2 ዴሲቤል ውስጥ፣ 85 ዴሲቤል› ይልና ከፊትና ከጎን የተለካ ግራፍ አያይዟል። በቁጥር የመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሱቅ ውስጥ ሳዳምጣቸውም እሱ ጥርት ያለ መሰለኝ። ታዲያ ሁለተኛው ለምንድን ነው የሚወደሰው? ሌላው ጥያቄዬ፣ አሁን ያለኝን ስፒከር በስልኬ ስለካው 50 ኸርዝ ላይ ጉብታ፣ 110 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ አለው። ክፍሌ 4.3 በ3.4 ሜትር ነው። የስፒከሮቹ ፊት ከጀርባቸው ካለው ረጅም ግድግዳ 80 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ሶፋዬ ተቃራኒውን ግድግዳ ተደግፏል። አምፕሊፋየሬ 50 ዋት ነው። ጉድጓዱን በኢኮላይዘር ልሙላው ወይስ ችግሩ የስፒከሩ ነው?»

መልስ፦ ሁለቱ ወረቀቶች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ስላልሆነ ቁጥራቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። «ከ35 ኸርዝ እስከ 22 ኪሎኸርዝ» የሚለው አገላለጽ፣ ድምፁ እዚያ ሲደርስ ስንት ዴሲቤል እንደወረደ ካልተነገረ ባዶ ነው። የትኛውም ስፒከር 35 ኸርዝ ላይ የሆነ ነገር ያወጣል። መታወቅ ያለበት ከመካከለኛው ድምፅ አንጻር ምን ያህል ደክሞ እንደሚያወጣው ነው። 3 ዴሲቤል የወረደ ቤዝ በደንብ ይሰማል። 10 ዴሲቤል ሲወርድ በመካከለኛው ድምፅ ላይ ቢሆን ጆሮ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማዋል፤ በቤዝ ላይ ግን ጆሯችን ከመነሻውም ደካማ ስለሆነ መቀነሱ ከዚያም ብሶ ይሰማል። ሦስቱም ዓይነት ልኬት፣ ማለትም 3፣ 6 ወይም 10 ዴሲቤል ሲወርድ የተወሰደው፣ «ከ35 ኸርዝ ጀምሮ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ሁለተኛው አምራች ግን የሚጠየቅበትን ቁጥር ራሱ ጽፏል። ±2 ዴሲቤል ማለት ከ48 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 20 ኪሎኸርዝ መስመሩ 4 ዴሲቤል ስፋት ካለው መንገድ አይወጣም ማለት ነው። ማይክ ያለው ሰው ሁሉ ለክቶ ሊሞግተው ይችላል። የመጀመሪያውን በምን ይይዙታል? የገባው ቃል የለም።

ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ወረቀት ቁጥሮች እርስ በርስ ይጣላሉ። ስፒከር ሠሪዎች የሆፍማን የብረት ሕግ የሚሉት ነገር አለ፤ ኬኤልኤች የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ በሆነው በጆሴፍ አንቶን ሆፍማን ስም የሚጠራ ነው። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን መርጠው ሦስተኛውን ይተዋሉ። ምክንያቱ ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ነው። ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር አየሩ እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ ኮኑን (የድራይቨሩን ተንቀሳቃሽ ሾጣጣ ክፍል) ይገፋዋል፤ ያንን አሸንፎ ዝቅ ያለ ድምፅ ለማውጣት ኮኑ ከበድ ማለት አለበት፤ ከባድ ኮን ደግሞ ብዙ ዋት ይበላል። ኔቪል ቲሌ በ1961 የጀመረውንና ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሟላውን ሒሳብ ብንከተል፣ ባለ ፖርት፣ ማለትም አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ያለው፣ 20 ሊትር ሳጥን 35 ኸርዝን በ3 ዴሲቤል ብቻ ወርዶ ቢያወጣ፣ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት የሚደርስበት ጣሪያ 87 ዴሲቤል ገደማ ነው። ወረቀቱ 92 ይላል። የ5 ዴሲቤል ልዩነት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ማለት ስለሆነ የማጠጋጋት ስሕተት ነው ሊባል አይችልም። ወይ 35ቱ፣ ወይ 92ቱ፣ ወይ ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የሁለተኛው 48 ኸርዝና 85 ዴሲቤል ግን ለመጠኑ የሚመጥን፣ ሊታመን የሚችል ቁጥር ነው።

ሱቅ ውስጥ የሰሙት «ጥርት ያለ» ድምፅ ሌላ ምክንያት አለው። የድምፅ መቆጣጠሪያው ሳይነካ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ሲቀየር በትንሽ ዋት ብዙ የሚጮኸው ከፍ ብሎ ይሰማል። ጆሮ ደግሞ የ1 ዴሲቤል ልዩነትን እንኳ «ጮኸ» ብሎ አይተረጉመውም፤ «ተሻለ፣ ተከፈተ፣ ተጣራ» ብሎ ነው የሚቀበለው። በወረቀቱ መሠረት በሁለቱ መካከል 7 ዴሲቤል ልዩነት ነበር፤ ከእውነቱ ግማሹ እንኳ ቢሆን ፍርድዎን ለማዛባት ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ስፒከር የሚያወዳድር ሰው የሁለቱን ድምፅ በግማሽ ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ ማስተካከል አለበት፤ ያ ካልተደረገ የሰማው ነገር ስለ ስፒከሩ ምንም አይነግረውም። ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ይህ ቁጥር ሲነበብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልኬቱ ብዙ ጊዜ በ2.83 ቮልት ይወሰዳል፤ ያ ለ8 ኦም ስፒከር 1 ዋት ሲሆን ለ4 ኦም ስፒከር 2 ዋት ነው። ስለዚህ ባለ 4 ኦሙ ምንም ሳይሻል 3 ዴሲቤል በልጦ ይታያል።

500 ዋቱን ይርሱት። ስፒከር የሚቀበለውን ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው፤ ድምፅ የሚሆነው እንዲህ ላሉ የቤት ስፒከሮች ከ1 በመቶ በታች ነው። ኮይሉ፣ ማለትም ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲግል የመዳብ ሽቦው ተቃውሞ በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ድምፁም ወደ 3 ዴሲቤል ይወርዳል። በምን ዓይነት ሲግናል፣ ለስንት ሰዓት እንደተፈተነ ያልተነገረ «500 ዋት» ስለ ድምፁ ጥራትም ስለ ጥንካሬውም የሚነግርዎ የለም። የእርስዎ 50 ዋት ለሁለተኛው ስፒከር ይበቃል። ከ1 ወደ 50 ዋት 17 ዴሲቤል ስለሆነ በ1 ሜትር ላይ 102 ዴሲቤል ይደርሳሉ፤ 2.2 ሜትር ርቀው ሲቀመጡና ሁለቱ ስፒከሮች አብረው ሲሠሩ በትንሹ 98 ዴሲቤል ይቀርዎታል። በ75 ወይም በ80 ዴሲቤል ለሚያዳምጥ ሰው ለከበሮ ምት የሚሆን በቂ ትርፍ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ አንድ ስፒከር አንድ ነገር ብቻ እንዳውቅ ቢፈቀድልኝ የምጠይቀው ከጎን ሲለካ ምን እንደሚመስል ነው።

አንድ ጊዜ ለራሴ ባለ ሁለት ድራይቨር ስፒከር ሠርቼ ነበር። ማይኩን ከትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ ከሚያወጣው ትንሽ ድራይቨር፣ ፊት ለፊት 1 ሜትር ላይ አቁሜ ስለካው መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ሳዳምጠው ግን ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ ባደረገች ቁጥር ጆሮ የሚወጋ ነገር ይወጣዋል። ሁለት ሳምንት ካፓሲተር ስቀይር፣ የትዊተሩን ሬዚስተር ስጨምርና ስቀንስ ቆየሁ። ትዊተሩን ሳደክመው ሲምባሉ ይሞታል፤ ስመልሰው ውጋቱ ይመለሳል። በመጨረሻ ስፒከሩን በቆመበት 60 ዲግሪ አዙሬ ለካሁት። ወደ 2 ኪሎኸርዝ ሲጠጋ ቁልቁል ሲወርድ የነበረው መስመር 3 ኪሎኸርዝ ላይ ሲደርስ ብድግ ብሎ ጉብታ ሠራ። ሁለት ሳምንት ስፈልገው የነበረው ነገር በጎን በኩል እየወጣ፣ ግድግዳ እየመታ ወደ ጆሮዬ ይመጣ ነበር።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ኮን ድምፅን ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚበትነው የሞገዱ ርዝመት ከኮኑ ስፋት በጣም ሲበልጥ ነው። የ16.5 ሴንቲሜትር ዉፈር በትክክል የሚንቀሳቀሰው ክፍሉ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 2.6 ኪሎኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመትም 13 ሴንቲሜትር ነው። እዚያ ሲደርስ ዉፈሩ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ብቻ ይወረውራል። ልክ እዚያው ላይ 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ትዊተር ይረከበዋል፤ እሱ ደግሞ ለዚያ ድምፅ ትንሽ ስለሆነ በየአቅጣጫው ይበትናል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ማይክ ይህን ርክክብ አያየውም። ክፍሉ ግን ያየዋል፤ የጎን ግድግዳዎቹ፣ ጣሪያውና ወለሉ የሚመልሱልዎ ድምፅ መጀመሪያ ይሳሳል፣ ከዚያ 3 ኪሎኸርዝ ላይ በድንገት ይወፍራል። ያ ደግሞ የሰው ጆሮ በጣም ስል የሆነበት ቦታ ነው።

ኢኮላይዘር ይህን አያድንም። 3 ኪሎኸርዝን ዝቅ ቢያደርጉ ከፊት የሚመጣውም ከጎን የሚመጣውም እኩል ይወርዳል፤ በመካከላቸው ያለው ጠብ እንደተቀመጠ ይቀራል። መፍትሔው ያለው በንድፉ ውስጥ ነው። ትዊተሩን ወደ ውስጥ ገባ ባለ ሾጣጣ ማቀፊያ፣ ዌቭጋይድ በሚሉት ውስጥ ማስቀመጥ ስርጭቱን ከዉፈሩ ጋር ያመሳስላል። ርክክቡን ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ማድረግ ሌላው መንገድ ነው፤ ትዊተሩ ያንን ሸክም የሚችል መሆን አለበት። አነስ ያለ ዉፈር መምረጥም ይረዳል፤ ዋጋው ቤዝ ላይ ይከፈላል።

ይህ የእኔ ምርጫ ብቻ አይደለም። ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም ከሾን ኦሊቭ ጋር በሃርማን የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ፣ አድማጮችን ስፒከሩን በማያዩበት ሁኔታ ለዓመታት ፈትነዋል። ሰዎች ስፒከሩን ሳያዩ ሲፈርዱ ምርጫቸው በአስገራሚ ሁኔታ ይስማማል፦ ፊት ለፊት ጠፍጣፋ፣ በጎን ደግሞ ሳይንገዳገድ ቀስ እያለ የሚወርድ። ኦሊቭ በ2004 ያወጣው ሥራ 70 ስፒከሮችን ወስዶ ከልኬታቸው ብቻ አድማጮች የሰጡትን ነጥብ ተንብዮ ነበር፤ ትንበያውና ፍርዱ 0.86 በሆነ ኮሪሌሽን (1 ፍጹም መስማማት ነው) ተገናኝተዋል። የአለካኩ ዘዴ ዛሬ ሲቲኤ 2034 በሚባል ደረጃ ተቀምጧል። ስፒከሩ በአግድምና በቁም በየ10 ዲግሪው ይለካል፤ በጠቅላላው 70 ልኬት ይሆናል።

እንዲህ ያለ ግራፍ ሲያገኙ ከላይ ያለውን መስመር፣ የፊት ለፊቱን፣ በቅድሚያ ይዩ፤ በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ ይሁን። ከዚያ ዓይንዎን ወደ ታችኞቹ ያውርዱ። ከግድግዳና ከጣሪያ ቶሎ ነጥሮ የሚመጣውን የሚወክለው መስመርና ስፒከሩ በጠቅላላው የሚበትነውን የሚያሳየው መስመር የላይኛውን ተከትለው፣ እየራቁት ይውረዱ። የላይኛው ሳይነሳ የታችኛው የሚነሳበት ቦታ ካለ፣ በተለይ ከ1.5 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ባለው ውስጥ፣ እኔ በ60 ዲግሪ ያገኘሁት ዓይነት ጉብታ ነው። የላይኛውም የታችኞቹም አንድ ቦታ ላይ አብረው ከተነሱ ደግሞ ድራይቨሩ ወይም ሳጥኑ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሬዞናንስ ማለት ይህ ነው። በአንጻሩ ፊት ለፊት ብቻ የሚታይ፣ በሌሎቹ መስመሮች ላይ የሌለ ትንሽ መወላወል ብዙውን ጊዜ ከሳጥኑ ጠርዝ የሚመጣ ነው፤ ብዙም አያስጨንቅዎ።

ግራፉ ራሱ ሊያታልል እንደሚችልም ይወቁ። በቁም 100 ዴሲቤል የሚያሳይ ግራፍ ላይ ማንኛውም ስፒከር ጠፍጣፋ ይመስላል፤ 50 ዴሲቤል የሚያሳየውን ይፈልጉ። በ1/3 ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ፍሪኩዌንሲው እጥፍ የሚሆንበት ርቀት ነው) የተለሰለሰ መስመር ደግሞ ሬዞናንሱን ሁሉ ይውጠዋል።

የድራይቨር ብዛትን በተመለከተ፣ ሦስት ከሁለት ይበልጣል የሚለው ግምት ልክ አይደለም። በሚገባ የተሠራ ባለ ሦስት ድራይቨር ጥቅም አለው፤ ዉፈሩ ቤዝ ላይ ሲለፋ የሰው ድምፅ የሚያወጣው ሌላ ስለሆነ አይበክለውም። ግን ድምፁን ለድራይቨሮቹ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ሁለት ርክክብ ይኖረዋል፤ አንዱም ከተበላሸ ጥቅሙ ይጠፋል። ጥሩ ክሮስኦቨር ከአምራቹ ብዙ ልኬትና ትዕግሥት ይጠይቃል። ልኬት ያላሳየን አምራች ያንን ሁሉ ለክቷል ብዬ የማምንበት ምክንያት የለኝም። በባለ ሁለቱም ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዉፈሩና ትዊተሩ በቁም ስለተደረደሩ ከፍ ብለው ወይም ዝቅ ብለው ሲያዳምጡ ርክክቡ ላይ ሁለቱ እየተጠፋፉ ጉድጓድ ይሠራሉ። ትዊተሩን በጆሮዎ ከፍታ ያድርጉት፤ ስፒከሩንም በጎኑ አያጋድሙት።

ኢምፒዳንስን፣ ማለትም ስፒከሩ ለአምፕሊፋየሩ የሚያሳየውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ከምለካቸው አንዱ ነው፤ ማይክም ጸጥ ያለ ክፍልም አይፈልግም። «8 ኦም» የሚለው የስም ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ዝቅተኛው ነጥብ ከስሙ 80 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠይቃል፤ ለ8 ኦም 6.4 ማለት ነው። ብዙ «8 ኦም» የተባሉ ስፒከሮች 4 ላይ ይገኛሉ፤ ደካማ አምፕሊፋየር በዚያ ይጨነቃል። ባለ ፖርት ሳጥን በኢምፒዳንስ መስመሩ ላይ ሁለት ጫፎች ያሳያል፤ በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ፖርቱ የተቃኘበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ከዚያ በታች ኮኑን የሚይዘው አየር ስለሌለ ብዙ ይወዛወዛል እንጂ ብዙ አይሰማም። በመስመሩ ላይ በ200 ወይም በ400 ኸርዝ አካባቢ ትንሽ እንከን ቢያዩ ያንን ድምፅ ያጫውቱና መዳፍዎን በሳጥኑ ጎን ያድርጉ። ጣውላው እጅዎ ላይ ሲነዝር፣ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር አለፍ ሲሉ ደግሞ ጸጥ ሲል ይሰማዎታል።

ወደ ክፍልዎ ስንመጣ፣ የለኩት ጉብታና ጉድጓድ የስፒከርዎ አይደሉም። ከ300 ኸርዝ ገደማ በታች የሚሰሙትን የሚወስነው በዋናነት ክፍሉ ነው። በ3.4 ሜትር ልዩነት ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚፈጠረው የመጀመሪያው ቋሚ ሞገድ 343ን ለ6.8 ሲያካፍሉ የሚገኘው ነው፤ 50 ኸርዝ። ቋሚ ሞገድ ደግሞ የሚጠነክረው ግድግዳው ሥር ነው። ሶፋዎ ያለውም እዚያው ነው። ጉድጓዱ ከስፒከሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ የሚመጣ ነው፦ ቤዝ ወደ ኋላም ስለሚሄድ 80 ሴንቲሜትር ሄዶ፣ 80 ተመልሶ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ፣ ያ 1.6 ሜትር የሞገዱ ግማሽ በሚሆንበት ድምፅ ላይ ይጠፋፋሉ። ሒሳቡ 107 ኸርዝ ይሰጣል። 80 ሴንቲሜትሩ የክፍልዎ ሩብ ሊሆን ትንሽ ስለቀረው በ100 ኸርዝ ላይ ያለው ሁለተኛው ቋሚ ሞገድም ከዚያ ቦታ ብዙም አይቀሰቀስም፤ ስለዚህ ሁለቱ ተደራርበው ጉድጓዱን አጥልቀውታል። ማንኛውንም ስፒከር እዚያ ቢያቆሙ ተመሳሳይ ነገር ያገኛሉ።

ጉድጓዱን በኢኮላይዘር መሙላት አይሞክሩ፤ ይህን በጽኑ የምለው ስፒከር ሲቃጠል ስላየሁ ነው። 10 ዴሲቤል መጨመር አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። የጨመሩት ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ ያንኑ ያህል ራሱን ያጠፋል፤ ጉድጓዱ አይሞላም፣ ኮይሉ ግን ይግላል። ጉብታው ግን ሊቀነስ ይችላል፤ 50 ኸርዝን በ4 ወይም በ5 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ምንም አይጎዳም፣ ቤዙንም ያጠራዋል።

ከኢኮላይዘሩ በፊት ግን ቦታ ይቀይሩ። የስፒከሩ ፊት ከግድግዳው 35 ሴንቲሜትር እስኪሆን ወደ ኋላ ይግፉት፤ መጠፋፋቱ ወደ 245 ኸርዝ ይሸሻል፣ እዚያ ደግሞ ስፒከሩ ወደ ኋላ የሚልከው ስለሚቀንስ ጉድጓዱ ይሳሳል፤ ከጀርባው የሚደረግ ወፍራም ስፖንጅም ሊረዳው ይችላል። ፖርቱ ከኋላ ከሆነ ከግድግዳው ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ክፍት ይተዉለት። ሶፋውን ደግሞ ከግድግዳው ያላቁት። ጆሮዎ 70 ሴንቲሜትር ሲርቅ 50 ኸርዝ በ2 ዴሲቤል፣ 1 ሜትር ሲርቅ ከ4 በላይ ይወርዳል። መሃል ክፍሉ ላይ ግን አይቀመጡ፤ እዚያ 50 ኸርዝ ከናካቴው ይጠፋል።

ስልክዎን በተመለከተ፣ የጉብታውን ቦታ ሊያሳይዎ ይችላል፤ መጠኑን ግን አይመኑት። የስልክ ማይክ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ቤዝን ይቆርጣል፣ ሶፍትዌሩም ድምፁን በራሱ ያስተካክላል። ካሊብሬሽን ፋይል ያለው የዩኤስቢ መለኪያ ማይክና ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዚህ ሥራ ላይ የተሻሉ ናቸው። ስፒከሩን ራሱን ከክፍሉ ነጥለው ማየት ከፈለጉ ደግሞ ግቢ ውስጥ ከፍ ያድርጉት። ስፒከሩና ማይኩ ከመሬት 1 ሜትር፣ በመካከላቸውም 1 ሜትር ሲሆን ከመሬት የነጠረው ድምፅ በ3.6 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ያን ቆርጠው ሲጥሉ ከ280 ኸርዝ በታች ያለው ልኬት ዋጋ የለውም። መሰላል ላይ 2 ሜትር ከፍ ካደረጉት መዘግየቱ 9 ሚሊሰከንድ ይሆንና እስከ 110 ኸርዝ ድረስ ታማኝ መስመር ያገኛሉ። ከዚያ በታች ያለውን ማይኩን ኮኑን ሊነካ እስኪቃረብ አስጠግተው ይለኩ፤ ዶን ኪል በ1974 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ፖርት ካለው ፖርቱም ለብቻው መለካት አለበት።

ልኬት የማይነግርዎ ነገርም አለ። የጠቀስኩት ትንበያ ዲስቶርሽንን (የድምፅ መዛባትን) አይቆጥርም። በ80 ዴሲቤል ቆንጆ መስመር ያለው ትንሽ ስፒከር በ95 ሊጨነቅ ይችላል። ምክንያቱም ያንኑ ያህል ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ለማውጣት ኮኑ አራት እጥፍ መወዛወዝ አለበት። ትልቅ ክፍል ወይም በጣም ከፍ ያለ ድምፅ የሚፈልጉ ቢሆን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ለ4.3 በ3.4 ሜትር ክፍል፣ ከ2 ሜትር ትንሽ ራቅ ብሎ ለሚቀመጥ አድማጭ ግን ሁለተኛው ስፒከር ያለ ጥርጥር ይሻላል። 48 ኸርዙም አያስጨንቅዎ፤ ከግድግዳው ሲጠጋ ቤዙ ይደገፋል። እንዲያውም ሊበዛ ይችላል፤ ያኔ በኢኮላይዘር ይቀንሱታል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ይግዙ፤ ግን ከመግዛትዎ በፊት አሁን ባለዎት ስፒከር ቦታ መቀየሩን ይሞክሩት። ወጪ የለውም፤ የቤዙ ቅሬታዎ ምን ያህሉ የክፍሉ እንደነበርም ያን ቀን ያውቃሉ። አዲሶቹ ሲመጡ ሁለቱን ተራ በተራ አንድ ቦታ ላይ አቁመው፣ ማይኩን ሳያንቀሳቅሱ ይለኳቸው። ጥንዶቹ በመካከለኛው ድምፅ ላይ ከ1 ዴሲቤል በላይ ከተለያዩ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ይመልሷቸው።